ፍየሌን ሐይቅ ላሳያት ስሄድ

ፍየል ይዞ ለሽርሽር የሄደ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሄጃለሁ። ያውም በሐምሌ፣ ያውም በእንዶድ አጥቤያት፣ ያውም የእናቴን ቀይ ሻሽ አንገቷ ላይ አስሬላት። ጣሊያን ሐረር ከመግባቱ ሰባት ስምንት ዓመት በፊት ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዛሬም ያን ሳምንት ሳስታውስ ልቤ ይዘላል።

አባቴ ችሎት ደጃፍ ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር። ክረምት ሲገባ ችሎት ይዘጋል፣ አባቴም ቤት ይውላል። ቤት የሚውል አባት ደግሞ ለእናቴ መከራ ነው። ድስቱ ለምን እዚህ ተቀመጠ፣ በሩ ለምን ይጮኻል፣ ይህቺ ልጅ ለምን ትሮጣለች እያለ ሲነተርካት ይመሻል። ችሎቱ ቶሎ እንዲከፈት ከእናቴ በላይ የምትጸልይ ባለጉዳይ አልነበረችም።

በዚያ ክረምት አንድ የጀጎል ነጋዴ፣ የአባቴ ወዳጅ፣ ፈላና በር አጠገብ ወዳለው ቤታችን መጡ። ዕድሜያቸው ከአባቴ ይበልጣል፤ በአማርኛ ያወሩና በአረብኛ ይምላሉ።

«አቦ፣ ይህን ሁሉ ቀን ግንብ ሥር ተወሽቀህ ምን ታደርጋለህ?» አሉት። «ሐረማያ፣ ሐይቁ ዳር ቤት አለኝ። ክረምት ክረምት እኔና እናቴ እዚያ ነን። ቤተሰብህን ይዘህ ና፣ ንፋስ ይንካህ። ወላሂ፣ እምቢ ካልከኝ እቀየምሃለሁ።»

አባቴ እምቢ ማለት አያውቅም። ይሉኝታ የፈጠረው ሰው ነው። ጨው የበዛበት ወጥ ቢቀርብለት የሠራችው ሴት እንዳታፍር ብሎ ጭማሪ የሚለምን ነበር። «እሺ፣ ምን ገዶኝ» አለ። እኔም ከጓዳ እየዘለልኩ ወጣሁ።

ፍየሏን ልተዋት አልችልም ነበር። እናቷ እንደወለደቻት ሞታ፣ በጨርቅ ጫፍ ወተት እያጠባሁ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ፤ ያለችኝ እሷ ነበረች። ነጭ ሆና ግንባሯ ላይ ቡናማ ምልክት አላት፤ ስሄድ ትከተለኛለች፣ ስቀመጥ ጭኔ ላይ አገጯን ታስደግፋለች። አንድ ጊዜ የአንድ ባላገር ማመልከቻ ከነቀለሙ በልታበት አባቴ እንደገና ሲጽፍ አምሽቷል። እናቴ «ፍየሏ ትቀራለች» ስትል መሬት ላይ ተዘረጋሁ። ስንት ሰዓት እንደተዘረጋሁ አላስታውስም፤ ተነሺ ሲሉኝ ግን ፍየሏም ትሄዳለች ተብሎ ነበር።

በማለዳ፣ በሩ እንደተከፈተ በሸዋ በር ወጣን። ጎመንና ድንች የተሸከሙ ሴቶች ወደ ከተማ ሲገቡ እኛ በበቅሎ እንወጣለን። እናቴ ድስቶቿንና ሳህኖቿን በሙሉ አስጭናለች። ሐረር ውስጥ እስላምና ክርስቲያን ጎረቤት ነን፤ ሰርጉንም ለቅሶውንም አብረን ነን። ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም የየራሱ ሰው ያረደውን ይበላል፣ በየራሱ ድስት ይሠራል። ማንም በማንም አይቀየምም። የበሩ ዘበኛ ዓይን ድስቶቹን አልፎ ፍየሏ ላይ አረፈ። «እሷ ደግሞ የት ልትሄድ ነው?» አለኝ። «ሐይቅ ልታይ» አልኩት። ሰውዬው ጠመንጃውን ተደግፎ ሳቀ።

መንገዱ ጭቃ ነበር። ፍየሏ እስከ መንገዱ እኩሌታ በእግሯ ሄዳ አልራመድም ስትል፣ እያለቀስኩ እናቴ ጭን ላይ አስጫንኳት። እናቴ፣ ያቺ የጨዋ ቤተሰብ ልጅ፣ በአደባባይ ፍየል ታቅፋ በበቅሎ ሄደች። ፊቷን በነጠላ ሸፍና «የማውቀው ሰው እንዳያየኝ» ስትል እሰማለሁ። እኔ ግን ሁሉ ሰው ቢያየን ደስ ይለኝ ነበር።

ከዳገቱ አናት ስንደርስ ውሃው ታየ። ከእናቴ ሳፋ የሚበልጥ ውሃ አይቼ የማላውቅ ልጅ፣ ያን ሁሉ ውሃ አንድ ላይ ተኝቶ አየሁት! ፀሐይ ወጥታለች፣ ዙሪያው አረንጓዴ ነው፣ ዳር ዳሩን ደንገል በቅሎበታል፤ ይብራ የሚባሉት የውሃ ወፎች መሐል ላይ ተሰብስበው ይዋኛሉ። ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ከበቅሎ ወርጄ የፍየሏን ገመድ አባቴ እጅ ላይ ወረወርኩና «አባባ፣ ያዝልኝ!» ብዬ ወደ ውሃው በረርኩ።

ያቺን ገመድ ባልወረውር ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ከኋላዬ የሆነውን እናቴ ናት የነገረችኝ። ነጋዴው ከቤት ወጡ። አባቴ እንደ ልማዱ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። በተዘረጉት እጆቹ ላይ ደግሞ ገመዱ አለ፤ በገመዱ ጫፍ የታጠበች፣ ሻሽ ያሰረች ፍየል አለች።

«ማሻአላህ! ማሻአላህ!» አሉ ነጋዴው። «አቦ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ለእኔ ብለህ ጎተትካት? ሻሽ እንኳን አስረህላት? አላህ ያክብርህ!» ገመዱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

አባቴ አፉን ከፈተ። እውነቱን ሊናገር ነበር ትላለች እናቴ። ከአፉ የወጣው ግን ስጦታ የሚሰጥ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። «ምን አላት፣ ትንሽ ናት» አላቸው።

እግሬን እስከ ጉልበቴ አርሼ፣ ቀሚሴን ጭቃ አልብሼ ስመለስ ፍየሌን ከነጋዴው ፍየሎች ጋር ታስራ አገኘኋት። ሮጬ ልፈታት ስል ነጋዴው ራሴን ዳሰሱኝ። «ወደድሻት? እስከ ጁምዓ አንቺ ጠብቂያት» አሉኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው፣ «ለእናንተ በግ አዘጋጅቻለሁ፤ በእጃችሁ እረዱ፣ በድስታችሁ ሥሩ። ይቺን ደግሞ ዓርብ ከሶላት በኋላ እኛ እናርዳታለን። ጎረቤት ሰብስቤ በአንተ ስም ዱዓ አስደርጋለሁ» አሉት።

ቀኑ ረቡዕ ነበር።

አባቴን እጁን ይዤ ከቤቱ ጀርባ ወሰድኩት። «ንገራቸው!» አልኩት።

«ምን ብዬ? የሰጠሁትን መልሱልኝ ልበል?»

«አልሰጠሃቸውም እኮ!»

«ትንሽ ናት ብያቸዋለሁ፣ ልጄ። እንዲያ ከተባለ በኋላ መመለሻ የለውም። ሌላ እገዛልሻለሁ፤ ሁለት እገዛልሻለሁ።»

ሁለት! እግሬን መሬት ላይ እየደበደብኩ «ሁለት እናት ቢገዙልህ እናትህን ታሳርዳለህ?» አልኩት። ለዚህ ጥፊ ይገባኝ ነበር፤ አባቴ ግን አንገቱን ደፋ። እናቴ ያን ቀን ለአባቴ የተናገረችውን ደግሞ አልጽፈውም።

ሐሙስን ግን እንዴት ልንገራችሁ! ዓርብ ልትታረድ መሆኑን እያወቅኩ እንዲያ መደሰቴ ያሳፍረኛል፤ ግን ተደሰትኩ፣ ምን ላድርግ? ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ፍየሌን ፈትቼ ወደ ሐይቁ ወሰድኳት። መጀመሪያ ዳር ላይ ቆማ ውሃው ውስጥ ያለችውን ፍየል አየቻት። አየቻትና ቂም ያዘች። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ፣ አንገቷን ደፍታ ልትወጋት ሄደችና ዘፍ! ራሷን ብቻ አውጥታ ስትጮኽ እኔም ዘልዬ ገባሁ። ውሃው ወገቤ ድረስ ነበር። ሁለታችንም ተጨማልቀን ወጣን፣ እሷ ስትራገፍ ይብራዎቹ በአንድ ጊዜ ተነሡ። እኔ እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ነጋዴው ቤት ውስጥ ነደባ ላይ፣ ማለትም ከመሬቱ ከፍ ብሎ በተሠራው መደብ ላይ፣ ከሶፊ መንደር የመጣላቸው ጫት በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ነበር። ምርጥ ጫት ነው፤ ለከሰዓት ያስቀመጡት። ፍየሌ ለመድረቅ ወደ ቤት ስትገባ ማንም አላያትም። ስናያት ጥቅሉ ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሆነው አይነገርም! ከደንገሉ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ ደንገሉ፣ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ስትሮጥ ዋለች። ዘላ የግቢው ግንብ ላይ ትወጣለች፣ ግንቡ ላይ ቆማ ትጮኻለች፣ ወርዳ በቅሎዎቹን ትጋፋለች።

ነጋዴው ይቆጣሉ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ተቆጥተው «ፍየላችሁን ይዛችሁ ከፊቴ ጥፉ!» ቢሉን እንዴት ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አቦ፣ መርቅናለች እኮ! ወላሂ መርቅናለች!» ይላሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሥጋዋ እንዴት ይጣፍጥ ይሆን!»

በዚያች ቃል ሳቄ ደረቀ።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። በመንገዱ ሰዎች ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ፤ ጥላ የያዙ ሴቶች፣ ጧፍ ያዘሉ ሽማግሌዎች፣ በግና ወይፈን የሚነዱ ባላገሮች። ሐምሌ ገብርኤል ስምንት ቀን ያህል ሲቀረው ወደ ቁልቢ የሚጓዙ ናቸው። እናቴ ፈልጋኝ መጣች።

«ያ በግ የማን ነው?» አልኳት።

«የገብርኤል ነዋ። ተስለውት ነው፤ የለመኑት ደርሶላቸው ይወስዱለታል።»

«መንገድ ላይ የራበው ሰው ቢያርደውስ?»

«ምን ትቀባጥሪያለሽ? የስለት በግ ማን ይደፍራል!»

ዕንባዬን ጠረግኩ። ያን ማታ የበጉን ወጥ ጥርግ አድርጌ ስበላ እናቴ ረሳችው ብላ ተደሰተች።

ዓርብ፣ ሰዎች ከሶላት ተመልሰው ግቢው ሞላ። ነጋዴው ቢላዋውን ስለው መጡ፤ አንድ ሰው ፍየሌን ጎትቶ ወደ ጥላው ወሰዳት። አባቴ ሐይቁን እንደሚያደንቅ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። በሰዎቹ መሐል ሰንጥቄ ገባሁና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ፦

«የገብርኤል ስለት ናት!»

ነጋዴው ቢላዋውን መሬት ላይ ጣሉት። «አስተግፊሩላህ!» አሉ። «የጅብሪል ናት?» ወደ አባቴ ዞሩ፤ ፊታቸው ተለዋውጧል። «አንተ ሰው፣ ምን በደልኩህ? የመልአክ ሐቅ ልታስበላኝ ነበር? ለእኔ አፍረህ ነው? አፈር ስሆን፣ እንዲህ ያለ ነገር ይታፈርበታል?»

አባቴ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፤ ያም እውነት ነበር። ነጋዴው ገመዱን ራሳቸው ፈቱ፣ ፍየሌን ግንባሯን ነክተው እጃቸውን ሳሙ፣ አምጥተውም ሰጡኝ። ወዲያው ከራሳቸው መንጋ ሌላ ታረደ። ዱዓው ተደረገ። እኔ ያን ጊዜ ሐይቁ ዳር ነበርኩ። ፍየሌን አንገቷን አቅፌ፣ ጆሮዋን እየነከስኩ፣ «አተረፍኩሽ! አተረፍኩሽ!» እያልኩ እጮኻለሁ። እንደዚያ ቀን በሕይወቴ የኮራሁበት ቀን የለም።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀናት ቢመልሱልኝ! ፍየሏ የቤቱ እመቤት ሆነች። ነደባ ላይ ብትወጣ ማንም አያወርዳት፤ ማሽላው ውስጥ ብትገባ «ተዋት፣ የጅብሪል ናት» ይባላል። ጠዋት ጠዋት ሐይቁን እንዞራለን። የይብራ ላባ ለቅሜ ቀንዷ ላይ እሰካለሁ። ከሰዓት ሲዘንብ ገብተን ቁቲ እንጠጣለን፤ ከቡና ቅጠል ተፈልቶ ወተት የሚገባበት ነው። አባቴም እንኳን ጫማውን አውልቆ ውሃ ውስጥ ቆመ። እናቴ አይታው ሳቀች፤ ለካ አባቴና እናቴ እርስ በርስ መሳቅ ይችሉ ነበር።

የነጋዴው እናት በጣም ያረጁ ሴት ነበሩ። እማማ እላቸዋለሁ። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ እሱንም ከራሳቸው ቋንቋ ጋር እየቀላቀሉ ይናገሩታል። በየጠዋቱ ወጥተው ለፍየሏ ገብስ በእጃቸው ያበሏታል። በሦስተኛው ቀን አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ልጄ ባሕር ማዶ፣ ዓደን ነው» አሉኝ። «ትንሹ። ዓደን ለንግድ ሄደ። ሦስት ክረምት ወረቀት የለም። ይኑር፣ ይሙት፣ አላህ ያውቃል።» እጃቸው ፍየሏ ጀርባ ላይ ነበር። «ጅብሪል ለእኛም መልአክ ነው። እኔ እዚያ ድረስ አልችልም፣ እግሬ እምቢ አለ። አንቺ ይቺን ስትሰጪ፣ ለልጄም በይ። ይጻፍልኝ በይ። አንድ ወረቀት። ትያለሽ?»

«እላለሁ፣ እማማ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ውሸት ነው፣ ስለት የሚባል ነገር የለም ልበላቸው? ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያዩኝ ፊታቸው ይበራል፤ እኔ ግን ፍየሌን ሳቅፍ እንደ በፊቱ አልሆንልሽ አለኝ።

የመሄጃችን ቀን ነጋዴው ለመንገድ የሚሆን ስንቅ፣ ለፍየሏም ገብስ አስጫኑልን። ስለቱን ልንሰጥ ወደ ቁልቢ የምንሄድ መስሏቸዋል እንጂ ወደ ሐረር መሆኑን መች አወቁ! አባቴ ደግሞ እንደ ልማዱ እምቢ ማለት አልሆነለትም። የበቅሎዎቹን አፍ ወደ ምዕራብ አዙሮ፣ እጅ ነስቶ ተነሳ። እማማ ደጃፍ ላይ ተደግፈው ቆመው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል።

ኩርባውን ስናልፍ አባቴ በቅሎዎቹን አቆመ። «እዚህ ትንሽ አርፈን በታችኛው መንገድ ዞረን ወደ ሐረር እንመለሳለን» አለ።

እናቴ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። ቁጣ አልነበራትም። «የልጅ ነገር ነው፣ ልጄ። ሳትሳይ ነው የተናገርሽው። ለንስሐ አባታችን እነግራቸዋለሁ፤ ትንሽ ስግደት ይሰጡሻል፣ ያልቃል። ፍየልሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ።»

ቤት! ፈላና በር፣ ግቢያችን፣ ፍየሌ ደጃፍ ላይ። የፈለግኩት ሁሉ ያ ነበር፤ ለዚያ ነው የጮህኩት። ገመዱን ይዤ ቆምኩ። መንገደኞቹ አጠገባችን ያልፋሉ። ዞር ብል ቤቱ አይታይም፤ እማማ ግን እስካሁን ቆመው ይሆናል እያልኩ አሰብኩ።

«እላለሁ ብያቸዋለሁ» አልኩ።

«ለማን?» አለ አባቴ።

ነገርኳቸው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ፍየሌን ይዤ ከመንገደኞቹ ኋላ መሄድ ጀመርኩ፤ ቆይቶ የበቅሎዎቹ ኮቴ ከኋላዬ ተሰማኝ።

ቁልቢ የደረስነው በዋዜማው ነው። ዳገቱ ሰው ብቻ ነው፤ ዝማሬው፣ እልልታው፣ የከብቱ ጩኸት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ እሰክር ነበር። ስለት ወደሚሰጥበት ስንጠጋ አባቴ ትከሻዬን ያዘ።

«ልጄ» አለኝ። «ከፈለግሽ እኔ ለስለት ተቀባዮቹ እነግራቸዋለሁ። ልጅ ናት፣ ፈርታ ነው የተናገረችው፣ ፍየሏን ልመልስ እላለሁ። በሁሉም ፊት እላለሁ።» ሊለው ነበር፣ እንደሚለው አወቅኩ። አባቴን እንደዚያ ሰዓት ወድጄው አላውቅም። ራሴን በእምቢታ ነቀነቅኩ።

ስለት የሚቀበሉት አንድ ሽማግሌ ደብተራ ነበሩ። «ስለቷ ስለ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ልጃቸው ከዓደን ወረቀት እንዲጽፍላቸው።»

«የእናቲቱ የክርስትና ስም ማን ይባላል?»

«የላቸውም። እስላም ናቸው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ፤ አባቴን አዩት፤ ፍየሏን አዩ። «እሱ ያውቃቸዋል» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ገመዱን ሰጠኋቸው። ፍየሌ ዞራ እንኳን አላየችኝም፤ አጠገቧ ያለውን ሣር መንጨት ጀመረች።

«አንቺስ፣ ለራስሽ ምን ትለምኛለሽ?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ፣ ዕንባዬ ቀደመኝ። አባቴ እጄን ያዘ። ሽማግሌው ጠበቁኝ።

«እንዲጽፍላቸው ነው» አልኩ ደግሜ። «እንዲጽፍላቸው ብቻ ነው።»